ለሦስት ሌሊት መርከብ የተሸከምነው መብራት

መርከብ ላይ ሽርሽር ወጥቶ የተመለሰ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከተመለሰ በኋላ ዝም ብሎ ሥራው የሚገባ ነው፤ እንዲህ ዓይነቱ እስካሁን አላጋጠመኝም። ሁለተኛው የሚስቴ ታላቅ ወንድም ነው።

ፊት ለፊት «ጋሼ» እና «እርስዎ» ነው የምለው። እዚህ ወረቀት ላይ ግን አጠገቤ ስለሌለ «እሱ» እለዋለሁ፤ ካነበበው ይቅር ይበለኝ፣ ካላነበበው ደግሞ ጎሽ።

ሰውዬው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ክሩዝ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ አትላንታ አጠገብ ስኔልቪል የገዛው ቤት ሳሎን ውስጥ ሶፋው ላይ ተደላድሎ ሲያወራ የሰማ፣ ኖኅ መርከቡን ሲሠራ ሚስማር ያቀበለው እሱ ይመስለዋል። ስለ ባሕሩ ግን አያወራም። ስለ ደሴቶቹ፣ ስለ ፀሐይ መጥለቂያው አንድ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። የሚያወራው ስለ ሻንጣ ነው። ምን ይያዛል፣ ምን ይረሳል፣ ምን የረሳ ሰው ምን ሆነ። በተለይ የራስጌ መብራት ላይ ከደረሰ አለቀልህ፤ በር ድረስ ሸኝቶህ፣ መኪናህ ውስጥ ገብተህ፣ ሞተር አስነስተህ እንኳ በመስኮት በኩል ይቀጥላል። ሰው ባሕር አቋርጦ ሄዶ አምፖል ብቻ አይቶ ሲመለስ ያየሁት እሱን ነው።

ጉዳዩ ወደ እኛ ቤት የገባው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ማብቂያ ግድም ነው። ሚስቴ ያኔ ሳንዲ ስፕሪንግስ፣ አንድ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አዛውንቶች እያስታመመች የሌሊት ሺፍት ትሠራለች። እኔ ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ የመስታወት ዳስ ውስጥ ተቀምጬ ቀን እሠራለሁ። አቮንዴል እስቴትስ አጠገብ በተከራየናት አፓርትመንት አንድ አልጋ ነበረን፤ እሱም እንደኛው በሺፍት የሚሠራ። እኔ ስነሳ እሷ ትገባበታለች። የዚያን ዘመን የባልና ሚስት ወጋችንን አንድ ላይ ብሰበስበው «ቁልፉን የት አደረግሽው?» እና «ወጡ ፍሪጅ ውስጥ አለ» ነው፤ ሌላ የለውም።

ቀን ትተኛለች ስል ደግሞ ቀን አልጋ ላይ ትወጣለች ማለቴ ነው። የአገራችን ሰው የሌሊት ሥራ የሚባል ነገር አይገባውም። በቀን የተኛ ሰው ለሱ ወይ በሽተኛ ነው ወይ ሰነፍ፤ ሁለቱም ደግሞ ስልክ ተደውሎ ሊጠየቅ ይገባል። እኔ በዕረፍት ቀኔ ቤት ስሆን እሰማታለሁ። ስልኩ ይጮኻል፣ ታነሳለች።

«ተኝተሽ ነበር እንዴ?»

«ኧረ አልተኛሁም።»

ድምፅዋ ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል፣ አንድ ዓይኗ ገና አልተገለጠም፣ ግን አልተኛሁም ትላለች። ተኝቼ ነበር ማለት ደዋዩን ማሳፈር ነዋ። እንዲህ እያለች ዓመታት አለፉ። ከዓይኖቿ ሥር የወጣው ከረጢት ሽንኩርት ይይዝ ነበር።

የገና ሰሞን መሥሪያ ቤቷ ለሠራተኞቹ ዕጣ አወጣ። ሁለተኛው ዕጣ ቶስተር ነበር፤ አንደኛው ከፍሎሪዳ የሚነሳ የሁለት ሰው ክሩዝ፣ ሦስት ሌሊት። አንደኛው ለሷ ወጣ። ጠዋት ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«መርከቡ ላይ ስልክ አለ?»

«ለእኛ የሚሆን የለም መሰለኝ።»

«እንግዲያው እሄዳለሁ» አለች። «ባሕሩን አንተ እይልኝ። እኔ የምፈልገው መተኛት ነው።»

ከዚህ ሌላ አንድም ነገር አልጠየቀችም። ሰው ሚስቱ ወርቅ ጠይቃው ቢያጣ ምክንያት አያጣም። እንቅልፍ ጠይቃው ቢያጣ ግን ምን ይላል? ነገሩን እንደ ቀላል ነው የያዝኩት፤ መርከብ አለ፣ አልጋ አለ፣ ስልክ የለም። ምን ቀረ?

ጋሼ ቀረ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጣ። ዕጣ ስለደረሰን ለምስጋና ጸሎት የመጣ ይመስል እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

«ካቢናችሁ መስኮት አለው?»

«እንጃ ጋሼ፣ በነፃ የተገኘ ነው።»

«እንግዲያው የለውም።» ራሱን ነቀነቀ፤ ሐኪም ውጤት አይቶ እንደሚነቀንቀው። «ስማ አንተ ሰው። የዚያን ካቢን ጨለማ፣ ጨለማ እንዳይመስልህ። እጅህን አፍንጫህ ላይ ብታደርገው አታየውም። እኔ መጸዳጃ ቤት ፍለጋ ተነስቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ገባሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያስ ምን?»

«ቁም ሳጥኑ ውስጥ ምን አደረጉ ጋሼ?»

ሚስቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። እሱ ግን አልሰማኝም፤ ዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል። እንደ ልብስ መቆንጠጫ ከአልጋ ራስጌ ጋር የሚቆነጠጥ መብራት ያዙ፤ የመርከቡ የራስጌ መብራት የዶሮ ዕንቁላል ያህል ናት፣ ማጥፊያዋም በር ላይ ነው፣ ለማጥፋት ተነስተህ ስትመለስ አልጋህን ታጣዋለህ። ለመጸዳጃ ቤቱ ሶኬት ላይ የምትሰካ ትንሽ መብራት ያዙ። ቁጥሩ የሚያበራ ሰዓት ያዙ፤ መስኮት በሌለበት መንጋት መምሸቱን የሚነግራችሁ የለም። ሶኬቱ አንድ ብቻ ነው፣ ኤክስቴንሽን ያዙ። ግድግዳው ብረት ነው፣ ልብስ የምትሰቅሉበት ማግኔት ያለው ማንጠልጠያ ያዙ።

«ጋሼ፣ ማግኔቱ በዝቶ መርከቡ አቅጣጫ ቢስትስ?»

«አታፊዝ። ያላየ ነው የሚያፌዝ።»

ሚስቴን አየኋት። አንገቷን ደፍታ «እሺ ጋሼ፣ እሺ» ትላለች። አንድ ነገር ልትል አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ያን ጊዜ ድካም መስሎኝ ነበር። እሱ ሲወጣ የራሱን ተቆንጣጭ መብራት ከነሳጥኑ ከመኪናው አወረደልን፤ ለካ ይዞት ነው የሚዞረው። ከዝርዝሩ የቀረውን እኔ ገዛሁ።

በዚህ ቢበቃ ደግ ነበር። ጋሼ የነገረውን ሰው ለሌላ ሰው እንዲነግር አደራ የሚል ሰው ነው። በሳምንቱ አትላንታ ውስጥ አማርኛ የሚናገር ፍጡር ሁሉ፣ እኛ በጨለማ ውስጥ ልንጓዝ እንደሆነ ሰማ።

የምንነሳው እሑድ ማለዳ ነው። ሚስቴ ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ ገባች፤ ዕቅዱ ቀኑን ሙሉ ልትተኛ ነው። ጥሩ ዕቅድ ነበር። መንገደኛ ግን ሳይሸኝ አይሄድም፣ ሸኚ ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም። ይህ ሕግ ከሱዳን የስደተኛ ካምፕ ጀምሮ የተሸከምነው ነው፤ የት ትሄዳለህ፣ መቼ ትመለሳለህ የሚል አንቀጽ የለውም። ወደ ሽርሽርም ሂድ ወደ ጦር ሜዳ ትሸኛለህ። የመጀመሪያው የበር ደወል የተደወለው ሚስቴ ትራሱን እንደነካች ነው።

«ተኝተሽ ነበር እንዴ?»

«ኧረ አልተኛሁም። ግቡ፣ ግቡ።»

እስከ ማታ ገቡ። ሁሉም ባትሪ ይዟል። ረጅም ባትሪ፣ አጭር ባትሪ፣ ከጎማ የተሠራ፣ ውሃ ውስጥ የሚበራ፣ ቀይና ነጭ የሚያፈራርቅ። አንዱማ ግንባር ላይ የሚታሰር የማዕድን ቆፋሪ መብራት አመጣ። ዳቦ ቆሎና ጭኮ ያመጡም ነበሩ፤ መርከቡ ውስጥ ሰው ከመብላት ሌላ ሥራ እንደሌለው ብነግራቸው «የፈረንጅ ምግብ ምግብ ነው እንዴ?» ይሉኛል። ሚስቴ ቆማ ታስተናግዳለች፣ ሻይ ታቀርባለች፣ ትስቃለች፤ ስትስቅ ትንሽ ወደ ግራ ትዘማለች።

በመጨረሻ ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው አንዲት አሮጊት እናት መጡ። በነጠላቸው ጫፍ የጠቀለሉትን ፈተው አንድ እቅፍ ጧፍ አወጡ።

«ልጄ፣ ለስንት ዓመት ነው የምትሄዱት?»

«ለሦስት ሌሊት ነው እማማ» አልኳቸው።

«ሦስት ሌሊትም ሌሊት ነው። እንካ።»

«እማማ፣ መርከብ ላይ እሳት አይፈቀድም።»

ትክ ብለው አዩኝ። «ውሃ ላይ እየሄደ እሳት የሚፈራ ምን ዓይነት መርከብ ነው?»

ለዚህ መልስ ያለው ሰው ካለ እስካሁን እየጠበቅኩት ነው። ጧፉን ተቀበልኩና ጉልበታቸውን ሳምኩ። ቤት እንተወው ብዬ ከሚስቴ ጋር ተማከርኩ፤ ከተመለስን በኋላ «አበራችሁት ወይ?» ቢሉ ምን ልንል ነው? ሻንጣው ውስጥ ገባ። ሁሉም ሻንጣው ውስጥ ገባ፤ ልብሳችን በፌስታል ሆነ። ሻንጣውን ደረጃ ላይ ሳወርደው አንዱ ባትሪ ራሱን አብርቶ በመዝጊያው ሽንቁር በኩል ይመለከተኝ ነበር።

ወደ ፍሎሪዳ ስንነዳ ሚስቴ መንገዱን ሙሉ አልተኛችም። ምክንያቷን ጠየቅኳት።

«አንተ እየነዳህ ማን ይተኛል?» አለች።

ካቢኑ እንደተነገረን መስኮት የለውም። በእውነት ለመናገር ግድግዳም ያለው ለስሙ ነው፤ አንዳችን ልብስ ስንቀይር ሌላችን ኮሪደር መውጣት ነበረብን። ሁለት ጠባብ አልጋ፣ ከመካከላቸው አንዲት የራስጌ መብራት፣ በሩ አጠገብ አንድ ሶኬት። ጋሼ ስለ ዕንቁላሏ አልዋሸም። ስለ ብረቱ ግን ዋሽቷል ወይም መርከቡ ሌላ ነው፤ ግድግዳው በፕላስቲክ ነገር ተለብጦ ኖሮ፣ ማግኔቱን ብለጥፈው ብለጥፈው እግሬ ላይ እየወደቀ አውራ ጣቴን አሳበጠው።

የቀረውን ግን እንደ ታዘዝኩት አደረግኩ። እንዲመቻት ብዬ ነው። ኤክስቴንሽኑን ዘርግቼ ተቆንጣጩን መብራት ከራስጌዋ ቆነጠጥኩት፣ ለመጸዳጃ ቤቱ ትንሿን ሰካሁ፣ ሰዓቱን ከትራሷ ትይዩ አስቀመጥኩ። ጎማ ለባሹን ባትሪ ለድንገት ብዬ አብርቼ አልጋዋ ሥር ገተርኩት። ሲያልቅ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብዬ አየሁት፤ የአትላንታ ኤርፖርት ማኮብኮቢያ ነው የሚመስለው። አውሮፕላን ብቻ ነው የቀረው።

የመጀመሪያዋን ሌሊት ስለ መተኛት አላነሳችም። ሰውነቷ ሌሊት መቆም ለምዷል፤ ሹራቧን ደርባ ከላይ ፎቅ ስትዞር አደረች። ጠዋት መርከቡ አንዲት ደሴት ወደብ ላይ ቆመ። ተሳፋሪው ሁሉ ባርኔጣ አድርጎ፣ ፊቱን ነጭ ቅባት ተለቅልቆ ሊወርድ ሲጋፋ፣ እሷ ወንዝ ሽቅብ እንደሚዋኝ ሰው ሰልፉን ሰንጥቃ ወደ ካቢን ወረደች። ሰዓቷ ነው። ነጠላዋን ራሷ ላይ ጠቅልላ ተኛች። ዓይኗ ተከደነ፣ ትንፋሽዋ ረዘመ። እኔ ጫማዬን በእጄ ይዤ በእግር ጣቴ እየሄድኩ ወደ በሩ ተንሸራተትኩ።

ድንገት ቀጥ ብላ ተቀመጠች። እግሯ መሬት ወርዶ ጫማ ይፈልጋል።

«የትኛው ክፍል ነው?» አለች።

«የኛው ነው፤ ሌላ ክፍል የለንም።»

«መብራት በርቷል። የትኛው ነው?»

የምትቀልድ መሰለኝ፤ ፊቷን ሳየው ግን ቀልድ የለበትም። ዓይኗ ተከፍቶ ገና አልነቃችም። ትከሻዋን ያዝኩት፤ ቀስ ብላ እኔን፣ አልጋውን፣ ሰዓቱን አየችና ትከሻዋ ወረደ። ያን ጊዜ ነው የነገረችኝ። ነርሲንግ ሆሙ ውስጥ ከየበሩ በላይ ትንሽ መብራት አለች። ታማሚው ደወሉን ሲጫን ትበራለች። ሌሊቱን ሙሉ ሥራዋ ያቺን መብራት ማየት ነው።

«በዓይኔ ጥግ ትንሽ ብርሃን ካየሁ እግሬ ከእኔ ቀድሞ ይነሳል» አለች።

«ታዲያ ቤትስ?»

«ቤት ቀን አይደል የምተኛው? በፀሐይ መብራት መች ይታያል።»

ዙሪያውን አየሁ። ሰዓቱ ያበራል። ተቆንጣጩ ያበራል። ከመጸዳጃ ቤቱ በር ሥር ትንሿ ታበራለች። ከአልጋው ሥር ጎማ ለባሹ። ሚስቴን ወስጄ ሁሉም ታማሚዎች በአንድ ጊዜ ደወል የተጫኑበት ሕንፃ ውስጥ ነው ያስተኛኋት።

«ይህን ለጋሼ ለምን አልነገርሽውም?»

«ያን ያህል ደክሞ ሲያስረዳ ምን ልበል?»

እንግዲህ ሰው በትሕትና ይሞታል ሲባል የምሰማው እውነት ነው። ተቆንጣጩን አጠፋሁ። ሰዓቱን ፊቱን ደፋሁት፣ በጠርዙ በኩል ሲያሾልክ ጊዜ ገመዱን መዝዤ ከሻንጣው ከተትኩት። ባትሪውን አጠፋሁ። ትንሿን ነቀልኩ። ዕንቁላሏን አጠፋሁ። ያ ጋሼ የፈራው ጨለማ መጣ፤ ምን የመሰለ ጨለማ መሰላችሁ፣ በማንኪያ የሚዛቅ። «እንዲህ ነው» አልኩ። ወዲያው ሳልጨርሰው በሩ አጠገብ፣ ከወለሉ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ አንዲት ቀይ መብራት አፍጥጣ ታየኛለች። ለአደጋ ጊዜ የተሠራች፣ ማጥፊያ የሌላት፣ ከግድግዳው በአራት ብሎን የታሰረች። ሚስቴ አልጋው ላይ ስትገላበጥ ሰማሁ።

ፎጣ ጣልኩባት፤ ተንሸራቶ ወደቀ። ኮቴን አስደገፍኩባት፤ ወደቀ። ትራሴን ገጠምኩባት፤ እሱም ወደቀ። ሻንጣውን ከፍቼ በዳበሳ ፈተሽኩ፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ያን ሁሉ ዕቃ ሲያስታቅፈን ብርሃን የሚያወጣ እንጂ ብርሃን የሚከልል አንድ ነገር፣ አንዲት ቁራጭ ፕላስተር እንኳ ያመጣ የለም። ሕዝባችን ስለ ጨለማ ያለውን ክፉ አስተያየት ያን ጊዜ ነው በደንብ የተረዳሁት።

ቢቸግረኝ ሻንጣውን አጋድሜ ተቀመጥኩበትና ጀርባዬን በመብራቷ ላይ ለጠፍኩት። ልክ ከትከሻዬ መሐል ላይ ገባች። ጨለመ። ትንሽ ቆይቶ የሚስቴ ትንፋሽ ረዘመ። ከዚያ ወፈረ። ከዚያ፣ ስሟን ስላልጠራሁ አታፍርም፣ አንኮራፋች። ተጋብተን ከኖርን ወዲህ ስታንኮራፋ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ለነገሩ ስትተኛስ መቼ አጠገቧ ነበርኩ።

ከድምፅ ማጉያው አንድ ሰው ደስ ብሎት መለፍለፍ ጀመረ። ባሕሩ ሰማያዊ ነው፣ አሸዋው ነጭ ነው፣ ወደ ወደቡ የሚወርዱ ሁሉ አሁኑኑ ይውረዱ። የሚስቴ ማንኮራፋት ተቆረጠ። ትንፋሼን ያዝኩ። ቀጠለ። ሰውዬውን በልቤ ረገምኩት፤ ባሕር ሰማያዊ መሆኑን ለመናገር ማጉያ የሚያስፈልገው ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

ቀጥሎ በሩ ተንኳኳ። የካቢኑ አስተናጋጅ ነው፣ አልጋ ሊያነጥፍ። ተነስቼ መክፈት አልችልም፤ በጣት ስፋት ብቻ ገፋ አድርጌ በክፍተቱ አንሾካሾክኩ።

«ጌታዬ፣ አይወርዱም እንዴ?» አለኝ በእንግሊዝኛው።

«አልወርድም። ሚስቴ ተኝታለች።»

«ለምን ጨለማ ውስጥ ተቀመጡ? መብራቱ ተበላሽቷል?»

«የበሩ መብራት አለ። ታጠፋልኛለህ?»

«እሱ አይጠፋም ጌታዬ። ለደኅንነትዎ ነው።»

«እንግዲያው ለደኅንነቴ ስትል ዝም ብለህ ሂድልኝ።»

ሄደ። ከሱ በኋላ ፎጣ የሚቀይር መጣ፣ በረዶ የሚያድል መጣ፣ ለራት ግብዣ ካርድ የሚያድል መጣ። ያን ሁሉ ሰው ሹክ እያልኩ መለስኩ። እዚህ መርከብ ላይ ስልክ የለም ብዬ ነበር፤ ስልክ ለምን ይኖራል፣ እጅና በር እያለ። ላዬ ላይ የሙዚቃ ባንድ ይደልቃል፣ ሕፃናት ይሮጣሉ፣ የጥብስ ሽታ በክፍተቱ ይገባል። ጀርባዬ መጀመሪያ ሞቀ፣ ከዚያ ደነዘዘ፣ ከዚያ የሌላ ሰው ጀርባ ሆነ። ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ማዶ ደሴት ላይ የደረስኩበት ቀን ይህ ነው፤ ያየሁት ነገር ቢኖር ምንም ነው።

መርከቡ ጥሩምባውን ነፍቶ ተንቀጠቀጠ፣ ወለሉ ቀስ ብሎ ማዘንበል ጀመረ። የወጡት ሁሉ ተመልሰው፣ በኮሪደሩ ስለ ዛጎልና ስለ ገለባ ባርኔጣ እየተንጫጩ አለፉ። ያን ጊዜ ሚስቴ ተንቀሳቀሰች። ድምፅዋ ከጉድጓድ አይደለም የመጣው፤ ከጥጥ ውስጥ ነው።

«ደረስን?»

«ደርሰን ተነስተናል።»

«ምን ይመስላል?»

«እንጃ። አላየሁትም።»

በጨለማው የት እንዳለሁ አታውቅም። «ምን ስትሠራ ዋልክ?»

«ተቀምጬ።»

«ምሳ በላህ?»

«በላሁ» አልኳት። ሆዴ የሰማ አይመስለኝም፤ ቢሰማ ኖሮ ይከሰኝ ነበር።

«ተኝቼ ነበር» አለች። ያን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሳታፍር፣ ሳትቸኩል አለችው፤ ራሷም ሰምታው የገረማት ይመስለኛል። ከዚያ ብርድ ልብሱን ወደ ጆሮዋ ሳበች። «ትንሽ ልጨምርበት?»

«ጨምሪ።»

ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። ወገቤን ላሳርፍ ትንሽ ፈቀቅ ስል ቀይዋ በጎኔ ሾልካ አልጋዋ ጫፍ ድረስ ተዘረጋች፤ ተመልሼ ተጫንኳት።